በፌስታል የከረመው ሙዚቃ

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መነኩሲትና የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ላይ አረፉ። ድርሰቶቻቸውን ያስቀመጡት በአውሮፓውያን የሙዚቃ አጻጻፍ፣ በኖታ ነው፤ የዜማው ሥር ግን የኢትዮጵያ ቅኝትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ታትሞ ከወጣ በኋላ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሙዚቃቸውን ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ስማቸው በዓለም የተሰማው ዕድሜያቸው ሰማንያን ካለፈ ወዲህ ነው። የተረሳ ሙዚቃ እንዴት እንደሚመለስ ከኢትዮጵያ ምሳሌ ቢፈለግ ከእርሳቸው የሚቀድም አይገኝም።

የከንቲባው ልጅ

የእማሆይ የልጅነት ስም የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከአውሮፓ ሚሲዮናውያን ጋር ተገናኝተው ውጭ አገር የተማሩ፣ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አሜሪካ ከሄደው የኢትዮጵያ ልዑካን ቡድን አንዱ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ። ታላቅ እህታቸው ስንዱ ገብሩ ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩ፣ በምርጫ ፓርላማ በመግባትም ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው።

የውብዳር በስድስት ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ከእህታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አገር ቤት ተመልሰው ትምህርታቸውን ሲቀጥሉ ጣሊያን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው መጀመሪያ ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አቅራቢያ ወደሚገኘው መርኮሊያኖ ተጋዙ።

ከነፃነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄዱ። በዚያ ያስተማሯቸው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ባለሙያ ነበሩ። ወጣቷ ተማሪ በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። የካይሮ አየር ግን ለጤናቸው አልተስማማም፤ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም አብረው መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ መሩ። የውብዳር በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በኋላም በክብር ዘበኛ በጽሕፈት ሥራ ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ በታወቀ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ሆኖም ለመሄድ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ።

ይህ ሕይወታቸውን ለሁለት የከፈለ ክስተት ነው። ወጣቷ እህል አልቀምስም ብለው ለአሥራ ሁለት ቀን ያህል ሰነበቱ፤ ለሞት ተቃርበው ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከዚያ ሲነሡ ሐሳባቸው ከለንደን ወደ ገዳም ዞሮ ነበር።

ከግሸን ወደ ጎንደር

የመረጡት ገዳም ግሸን ማርያም ነው። ግሸን በወሎ፣ በአምባሰል፣ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ይሰበሰቡበታል። የውብዳር በሃያ አንድ ዓመታቸው መነኮሱ፤ ጽጌ ማርያም የሚለው ስምና እማሆይ የሚለው ማዕረግ ያን ጊዜ መጣ። አሥር ዓመት ያህል ያለ ጫማ፣ ያለ ፒያኖ ኖሩ። ኋላ እግራቸው ታመመና ወደ አዲስ አበባ ወረዱ፤ ወደ ፒያኖውም ተመለሱ። ቀድሞ ለመሄድ ካሰቡበት የሙዚቃ አካዳሚ ይልቅ፣ አሁን ድርሰታቸውን የሚወስነው ገዳሙ ያስተማራቸው ጸጥታ ሆነ።

በ1960ዎቹ፣ እ.ኤ.አ.፣ እማሆይ ጎንደር ተቀመጡ። የሄዱበት ጉዳይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማጥናት ነበር። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰው ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሁሉ በሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ ከእርሱ እንደወረደ ይታመናል። ጎንደር ሄደው ግን ከዜማው ጋር ሌላም ነገር አገኙ። የዜማ ተማሪዎች በየቤቱ እየለመኑ እንደሚበሉና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው፣ ሙዚቃቸውን ለእነዚህ ልጆች ለማዋል ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን የታተመው የመጀመሪያ ሸክላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ የወጣውም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ቅጂዎችም ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች መርጃ ዋሉ።

ወረታ ላይ የሚለያየው መንገድ

እማሆይ ያዘኑላቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ፎገራ ላይ መቆም ይበቃል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለች የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦር አድርጎ ጋይንት ይደርሳል። በምሥራቁ በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች፣ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ አሉ። በሰሜኑ በኩል በአቋቋም የታወቀችው ጎንደር በአታ አለች። ዜማ ፈልጎ ከጎጃም የሚመጣ ተማሪ በዚህ መገንጠያ ያልፋል።

የቆሎ ተማሪ ሲባል ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያነገተ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ የያዘ ልጅ ማለት ነው። ከደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የቤቱ እመቤት ካላት ላይ ቆርሳ ትሰጠዋለች። በቁሐር ሚካኤልና በሌሎቹ የፎገራ ቀበሌዎች ዛሬ ሜዳው የሩዝ አገር ስለሆነ፣ ከሚቆረሰው እንጀራ ውስጥ ከጤፍ ጋር ሩዝ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ልጁ የለመነውን ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ማታ ማታ የቀኑን ትምህርት በቃሉ ይቀጽላል።

ትምህርቱ የሚወስደው ዓመታት ነው። በብራናው ላይ ከቃሉ በላይ ምልክት የሚባሉ ትንንሽ ፊደሎች ተጽፈዋል። ምልክት እንደ ኖታ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ አይናገርም። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ቀድሞ የሰማውን አንድ የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል እንጂ። መምህር ከሌለ ምልክቱ ብቻውን ዝም ይላል። ስለዚህ የያሬድ ዜማ የሚጠበቀው በመጽሐፍም በሰው ጉሮሮም ነው፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው አይበቃም። ይህ የኖታና የምልክት ልዩነት የእማሆይ ሥራ ለምን ሊጠፋ እንደቀረበና ለምን እንዳልጠፋ ኋላ ላይ ይገልጻል።

አምስት ድምፅ በፒያኖ

ፒያኖ በአንድ ስምንትዮሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁልፎች አሉት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች ግን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሠሩ ናቸው። እማሆይ ከአሥራ ሁለቱ ቁልፎች አምስቱን መርጠው በእነርሱ ላይ ይመላለሳሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሊፈስ ይችላል፤ ዘማሪም በጉሮሮው ድምፁን ማወዛወዝ ይችላል። የፒያኖ ቁልፍ ግን አንዴ ከተመታ የሚለወጥ ነገር የለውም።

የእማሆይ መላ በዋናው ድምፅ ዙሪያ ትንንሽ ፈጣን ድምፆች መርጨት ነው። ቀኝ እጃቸው አንዱን ቁልፍ ከመንካቱ በፊት አጠገቡ ያሉትን ላፍ አድርጎ ያልፋቸዋል፤ ጆሮ የሚሰማው ቁልፍ ሳይሆን የተወዛወዘ ድምፅ ነው። ግራ እጃቸው በብዙ ድርሰቶቻቸው ውስጥ በስዊዘርላንድና በካይሮ የተማሩትን የአውሮፓ ሙዚቃ ይይዛል፤ አንዳንዴ በሦስት ምት እንደ ዋልዝ ይወዛወዛል። ምቱ ግን እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ ይጠብቃል፣ ሲቸኩል ይከተላል፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያውቅ ጆሮ ይህን አካሄድ ወዲያው ይለየዋል።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ድርሰታቸው ርእሱ በአማርኛ «ቤት አልባው መንገደኛ» ማለት ነው። ቀኝ እጅ ያለ አጃቢ፣ ዋሽንት እንደሚነፋ እረኛ ብቻውን ይጀምራል፤ ዜማው ወጣ ብሎ ይመለሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ግራ እጅ ሲገባ መንገደኛው እግሩን ያነሣ ይመስላል። ሌሎች ድርሰቶች በጎልጎታ፣ በጌቴሴማኒ፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ስም ተሰይመዋል። የእናት ፍቅር፣ የአገር ናፍቆት፣ የባሕር ዝማሬ የሚሉም አሉ። ከጣና የሚወጣው አባይም የራሱ ድርሰት አለው።

ሙዚቃቸውን የሰሙ የውጭ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ከብሉዝና ከጃዝ ጋር ያነጻጽሩታል፤ ሌሎቹ የፒያኖ ሙዚቃ ደራሲውን ሾፓንን ይጠራሉ። ብሉዝን የሚያስታውሰው አምስት ድምፅና የተወዛወዘ ዜማ ነው፤ ሾፓንን የሚያስታውሰው የግራ እጅ ዋልዝ ነው። ሁለቱም ንጽጽር የሙዚቃውን ገጽታ በከፊል ይናገራል እንጂ፣ ትልቁን ምንጭ፣ ማለትም ጎንደር የተማሩትን ዜማ፣ ይዘልለዋል።

ለምን ተረሳ?

ሙዚቃ ደራሲ የሚረሳው ሁልጊዜ ሥራው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ከቼክ አገር የተገኘው ያን ዲስማስ ዜሌንካ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዜሌንካ በ1679 ተወልዶ በ1745 የሞተ፣ በኋለኛው የባሮክ ዘመን ድሬስደን ከተማ በሳክሶኒ ቤተ መንግሥት የኖረ ባለሙያ ነው። ታላቁ ባኽ ያከብረው ነበር። ሆኖም የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ አለቃ የመሆን ተስፋው ሳይሳካ ሞተ፤ ኖታዎቹም በቤተ መንግሥቱ ተቆልፎባቸው ቀሩ። ያገሩ ልጅ የሆነው ቤድርዥክ ስሜታና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዳንዶቹን ገለበጠ፤ ሥራዎቹ በሰፊው የተሰሙት ግን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሙዚቀኞች ኖታውን አውጥተው በቀረጿቸው ጊዜ ነው። ዜሌንካን ለሁለት መቶ ዓመት ያስረሳው ቁልፍ ነበር፤ መልሶ ያመጣውም ወረቀቱ ከቁልፉ መውጣቱ ነው።

እማሆይን ያስረሳቸው ቁልፍ ግን የብረት አይደለም። አንደኛው ማኅበራዊ ነው። በጊዜው አደባባይ ወጥቶ መዝፈንና መጫወት የአዝማሪ ሥራ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ የከንቲባ ልጅና መነኩሲት በየመድረኩ ሙዚቃ ታቅርብ ማለት የማይታሰብ ነው። ሁለተኛው የሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የከበሮ፣ የጸናጽልና የመቋሚያ ቦታ አለ፤ የፒያኖ ቦታ ግን የለም። የእማሆይ ድርሰት ከማኅሌት ቢወለድም ማኅሌት ሊገባ አይችልም፤ ዘፈን ቤትም አይገባም። ሦስተኛው ሸክላው በውጭ አገር፣ ለበጎ አድራጎት፣ በጥቂት ቅጂ መታተሙ ነው፤ ለገበያ ተብሎ በየሱቁ አልተበተነም። አራተኛው ፖለቲካ ነው። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ የረዳቸው ቤተ መንግሥት ጠፋ፤ ከአሮጌው ሥርዓት ቤተሰብ የተወለደ ሰው በደርግ ዘመን አንገቱን ደፍቶ መኖር ነበረበት።

እማሆይ በነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በቴፕ ራሳቸውን ይቀዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ከተቀዱት ውስጥ በአማርኛ የሚዘምሩባቸው አሉ። ድምፃቸው ለስላሳና ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉ ስለ አገርና ስለ መለየት ያወራል። እነዚህን ቴፖች ለአርባ ዓመት ያህል የሰማቸው የለም። እናታቸው ካረፉ በኋላ እማሆይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ደብረ ገነት አነስተኛ ክፍል ውስጥ ከፒያኖአቸው ጋር ኑሮአቸውን ቀጠሉ።

የተመለሰው

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም የድሮ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎችን በተከታታይ ያሳትም ነበር። አብዛኛው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው 21ኛው ቅጂ ግን ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ባንድ፣ አንድ ፒያኖ ብቻ የሚሰማበት የእማሆይ ሥራ ሆነ። ብዙ አድማጭ መጀመሪያ የሰማቸው በዚህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከዚህ ይልቅ ጠቃሚ ነበር። የእስራኤል ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ማያ ዱኒየትስ ወደ ደብረ ገነት ሄዳ እማሆይን አገኘቻቸው። እማሆይ ከጊዜ በኋላ የሰጧት ነገር በፌስታል የታጨቀ ወረቀት ነበር። በእርሳስና በብዕር የተጻፈ፣ የተሰረዘ የተደለዘ፣ ቅደም ተከተሉ የተደባለቀ የአሥርት ዓመታት ኖታ ነው። አንዱ ገጽ የየትኛው ድርሰት እንደሆነ ለመለየት፣ የተጻፈውንና በቅጂ የተመታውን ማስተያየት አስፈለገ። ሥራው ዓመታት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2013 እማሆይ ዘጠናኛ ዓመታቸውን ሲይዙ የኖታው መጽሐፍ ታተመ፤ ድርሰቶቹም ኢየሩሳሌም ውስጥ በመድረክ ቀረቡ።

ቀድሞ የተነሣው የኖታና የምልክት ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። እማሆይ ዜማቸውን በምልክት ቢያስቀምጡት ኖሮ፣ መምህር ያልሰማ ሰው ከፌስታሉ አውጥቶ ሊያነበው አይችልም ነበር። ኖታ ስለጻፉት በሌላ ቋንቋና በሌላ ሃይማኖት ያደገች ፒያኖ ተጫዋች ልትመታው ቻለች። ሆኖም ኖታውም ሁሉን አልያዘም። የሚረጩት ትንንሽ ድምፆችና የሚለጠጠው ምት በወረቀት ላይ በግማሽ ብቻ ነው ያሉት፤ የቀረውን ከእማሆይ ቅጂ መስማት ግድ ነው። ሥራቸውን በኖታ ተጽፎ በጉሮሮ እንደሚወረስ ዜማ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ እማሆይ የሬዲዮ ዘገባ ሠራ። የአሜሪካዊቷ ጋረት ብራድሊ ጥናታዊ ፊልም «ታይም» በ2020፣ የሬቤካ ሆል ፊልም «ፓሲንግ» ደግሞ በ2021 ሙዚቃቸውን ተጠቀሙ። «ሚሲሲፒ ሬከርድስ» የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ አሮጌዎቹን ቅጂዎች እንደገና በሸክላ አወጣ፤ እማሆይ ካረፉ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ቀድሞ በቤታቸው የተቀዱትን የአማርኛ መዝሙሮች አሳተመ። ቤተሰባቸው ያቋቋመው በስማቸው የሚጠራ የሙዚቃ ድርጅት ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል።

የቀረው

የእማሆይን ሥራ ያነሡት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። ኖታቸው የታተመው ኢየሩሳሌም፣ ሸክላቸው እንደገና የታተመው ፓሪስና አሜሪካ ነው። ይህ የሚያስወቅስ ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ነገር ነው። የአውሮፓ ቅርስ የሆነው ዜሌንካ ሕያው የሆነው ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍት ስለተገኘ ብቻ ሳይሆን፣ የሙዚቃ ተማሪዎች በየዓመቱ ስለሚመቱት ነው። እማሆይም ሙሉ በሙሉ ተመለሱ የሚባለው አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለ የፒያኖ ተማሪ ከሾፓን ቀጥሎ «ቤት አልባው መንገደኛ»ን ሲለማመድ፣ ድጓ የተማረ የጋይንት ልጅም ከአጠገቡ ቆሞ ዜማው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሲነግረው ነው።

እስከዚያው በቤታቸው የተጠራቀመ አሮጌ ቴፕ፣ በእጅ የተጻፈ ኖታ ወይም የዜማ መጽሐፍ ያላቸው ሰዎች ሳይጥሉት ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። የእማሆይም ሥራ የተረፈው በፌስታል ውስጥ ነው።